ስም የሚጠራ መጥረጊያ

(ጎንደር፣ ከአራዳ ገበያ ጀርባ ባለች የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቅ፣ ሐሙስ ከሰዓት፤ ሽማግሌው አዝማሪ ጋሽ ድንበሩ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፣ የሱቋ ባለቤት ስንዱ ጠረጴዛዋ ላይ አጎንብሳለች።)

ጋሽ ድንበሩ፦ አውጪልኝ ብያለሁ። ዛሬውኑ።

ስንዱ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ።

ጋሽ ድንበሩ፦ ቆሜ መጥቻለሁ፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ማሲንቆዬን ከዚያ ኪቦርድ ከምትሉት ኦርጋን ውስጥ አውጪልኝ።

ስንዱ፦ ማሲንቆዎ እቤትዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የለም?

ጋሽ ድንበሩ፦ እንጨቱ ተሰቅሏል። ድምፁ ከተማውን እየዞረ ነው። ባለፈው እሑድ የት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ?

ስንዱ፦ ሰርግ ቤት።

ጋሽ ድንበሩ፦ ሰርግ ቤት። ተጠርቼ፣ እንደ ሰው ተቀምጬ እየበላሁ። እጄ ወጥ ውስጥ ነው። ከድንኳኑ ጥግ ማን ቢጫወት ጥሩ ነው? እኔ!

ስንዱ፦ የሰርግ ኦርጋን የሚመታው ናሁሰናይ ነው የተጫወተው።

ጋሽ ድንበሩ፦ ጣቱ የናሁሰናይ ነው። ድምፁ የኔ ነው። ማሲንቆዬ ቆዳው ተቀዶ የተጣፈ ነው፤ ያቺ እራፊዋ እንኳ ስትርገበገብ ሰማኋት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ «ጋሽ ድንበሩ፣ ዛሬ ምን ነካዎት? እንደ በር ደወል ይጮኻሉ» አለኝ።

ስንዱ፦ እየበሉ እያየዎት?

ጋሽ ድንበሩ፦ እየበላሁ እያየኝ! እኔም ጉርሻዬን ውጬ «ይቅርታ፣ ትንሽ አሞኝ ነው» አልኩት። ምን ልበል?

ስንዱ፦ ይቅርታ ጋሼ። ሳቄ አምልጦኝ ነው።

ጋሽ ድንበሩ፦ ሳቂ። ያሰርሽኝ አንቺ ነሽ። ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጠሽ «ጋሼ፣ አንድ ድምፅ ብቻ» አልሽኝ። ሰጠሁሽ። «አሁን ከፍ ያለውን» አልሽ። ሰጠሁሽ። «ሌላ፣ ሌላ» እያልሽ እንደ ጥርስ አንድ በአንድ ነቀልሽኝ። ለምንድን ነው ብልሽ «ለማስታወሻ» አልሽኝ።

ስንዱ፦ ለማስታወሻ ነበር። ናሁሰናይ ለመነኝ፣ ሰጠሁት። እሱ በፍላሽ ለጓደኛው ሰጠ፣ ጓደኛው ለጓደኛው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም። አሁን ሐዋሳ ድረስ ደርሰዋል።

ጋሽ ድንበሩ፦ ሐዋሳ ሄጄ አላውቅም።

ስንዱ፦ ባለፈው ወር ሦስት ሰርግ ተጫውተዋል።

ጋሽ ድንበሩ፦ እንዴት ነበርኩ?

ስንዱ፦ እንደ በር ደወል።

ጋሽ ድንበሩ፦ ስሚኝ እንግዲህ፦
በር በቁልፍ ሲከፍት አይቻለሁ ሌባ፣
ማሲንቆ በቁልፍ ከየት አገር ገባ?

ስንዱ፦ እሰይ! ይቺን ልቅዳት?

ጋሽ ድንበሩ፦ መቅዳት ይብቃሽ!

ስንዱ፦ እሺ፣ እሺ። ግን ጋሼ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ከአንድ ኪቦርድ ባጠፋው ከሌላው ይመጣል።

ጋሽ ድንበሩ፦ ከሁሉም አላልኩሽም። ከናሁሰናይ ብቻ። እስከ እሑድ ብቻ።

ስንዱ፦ የትርንጎ ሰርግ።

ጋሽ ድንበሩ፦ የልጄ ልጅ ናት። ያሳደግኋት እኔ ነኝ። በኛ ቤት ሙሽራ ከደጅ የምትወጣው ማሲንቆ ስሟን ሦስት ጊዜ ሲጠራ ነው። ሰው አይጠራትም፣ ክሩ ነው የሚጠራት። እህቴን አባቴ ጠራት። የትርንጎን እናት እኔ ጠራኋት። እሑድ ደግሞ የሙሽራው ወገኖች «የዘመኑን እናመጣለን» ብለው ናሁሰናይን ቀጥረዋል።

ስንዱ፦ እሱ ይጥራታ። ድምፁ ያው የእርስዎ ነው።

ጋሽ ድንበሩ፦ ትናንት አስጠራሁት። «ትር። ን። ጎ።» አለ። እንደ ትምህርት ቤት ስም ጥሪ! ልጄ «አቤት መምህር» ብላ ትውጣ? የሙሽራው አባት አቶ ካሣዬ ደግሞ አፉ እንደ ምላጭ ነው። «ሰባት ትውልድ አዝማሪ የነበረ ቤት ይሄው ነው?» ብሎ ዕድሜዬን ሙሉ ይስቅብኛል። በገዛ ድምፄ!

ስንዱ፦ ታዲያ እርስዎ ለምን አይጫወቱም?

ጋሽ ድንበሩ፦ ጊዜዬ አልፏል።

ስንዱ፦ ጉሮሮዎ ደህና ነው፣ ግጥምዎ እንደ ድሮው ነው። ምኑ ነው ያለፈው?

ጋሽ ድንበሩ፦ አልፏል አልኩሽ።

ስንዱ፦ ግራ እጅዎን ለምንድን ነው ከጋቢው የማያወጡት?

ጋሽ ድንበሩ፦ በርዶታል።

ስንዱ፦ በግንቦት?

ጋሽ ድንበሩ፦ እጄ ወር አይቆጥርም። ወደ ጉዳዩ ተመለሺ።

ስንዱ፦ ጉዳዩ ላይ ነኝ። ይህን ኪቦርድ ይመልከቱ። አንድ ቁልፍ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ መቼ እንደተነካና ምን ያህል እንደተመታ። ከዚያ በኋላ ጣቱ ላዩ ላይ ቢያለቅስም አይሰማውም። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድም ይዘላል እንጂ አይንሸራተትም።

ጋሽ ድንበሩ፦ ማሲንቆ ደግሞ የሚኖረው በሁለቱ መሀል ነው።

ስንዱ፦ እኔም የምለው እሱን ነው። የተበላሸው ድምፁ አይደለም፣ እጅ የሚገባበት መንገድ ነው። የናሁሰናይ ኪቦርድ ላይ እኮ ከጎኑ መዘውር አለ፤ በግራ እጅ ሲያዞሩት ድምፁ ጎበጥ ይላል፣ ይንሸራተታል።

ጋሽ ድንበሩ፦ ናሁሰናይ ግራ እጅ የለውም?

ስንዱ፦ አለው። ስልክ ይዞበታል።

ጋሽ ድንበሩ፦ ይሄን ልጅ እናቱ ሳትመክረው ነው ያደገ።

ስንዱ፦ ስለዚህ ሌላ መንገድ ሠራሁ። ይኸው።

ጋሽ ድንበሩ፦ ይሄ ምንድን ነው?

ስንዱ፦ ማሲንቆ።

ጋሽ ድንበሩ፦ መጥረጊያ ነው።

ስንዱ፦ መጥረጊያ ነበር። እጀታውን ብቻ ነው የወሰድኩት።

ጋሽ ድንበሩ፦ የፈረስ ጭራውስ?

ስንዱ፦ በእሱ ፋንታ ይቺ ጥብጣብ አለች። ጣትዎ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደተጫነ ሳታቋርጥ ትሰማለች፤ የተቀዳውን ድምፅዎን የሚያወጣው ደግሞ ይህ ላፕቶፕ ነው።

ጋሽ ድንበሩ፦ እዚህ ላይ ተሳሳትሽ። ማሲንቆ ላይ ጣት እንጨት አይነካም። ክሩ አየር ላይ ነው፣ ጣት ዳበስ ያደርገዋል።

ስንዱ፦ አውቃለሁ፣ ያኔ ስቀዳዎት ሦስት ቀን ሳይ ውዬ የለም እንዴ? ለዚህ ነው ጥብጣቧን ስፖንጅ ላይ የለጠፍኳት። ሲነኳት ታፈገፍጋለች።

ጋሽ ድንበሩ፦ የምን ስፖንጅ?

ስንዱ፦ የዕቃ ማጠቢያ።

ጋሽ ድንበሩ፦ መጥረጊያና የዕቃ ማጠቢያ። ልታዘፍኚኝ ነው ወይስ ሠራተኛ ልትቀጥሪኝ?

ስንዱ፦ ከታች ቀይ የምታበራው የኮምፒውተር ማውስ ዓይን ናት። ደጋኑ በላይዋ ሲያልፍ ታየዋለች። ፈጠን አድርገው ሲስቡ ድምፁ ይጎላል፣ ሲያዘገዩ ይቀንሳል፣ ሲያቆሙ ይቆማል።

ጋሽ ድንበሩ፦ ደጋኑን ወዲህ በይው እስቲ። ... ይሄ ደጋን የኔ ነው።

ስንዱ፦ ይመስላል።

ጋሽ ድንበሩ፦ አይመስልም፣ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ ሲቆጣኝ የነከስኩበት የጥርሴ ምልክት እዚህ አለ። ከግድግዳዬ ማን አወረደው?

ስንዱ፦ እሱን በኋላ እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ይሞክሩት።

ጋሽ ድንበሩ፦ አልነካውም።

ስንዱ፦ የማያውቁት አገር አይናፍቅም።

ጋሽ ድንበሩ፦ ሰው ቢያየኝስ? «ድንበሩ በስተርጅና መጥረጊያ ሲፈገፍግ አየነው» ቢባልስ?

ስንዱ፦ በሩን ዘግቻለሁ።

ጋሽ ድንበሩ፦ መጋረጃውንም።

ስንዱ፦ መጋረጃውንም። አሁን ይቀመጡ። ግራ እጅዎን ግን ማውጣትዎ ነው።

ጋሽ ድንበሩ፦ አንቺ ወደዚያ ዙሪ።

ስንዱ፦ እሺ፣ ዞርኩ። ይሳቡ።

ጋሽ ድንበሩ፦ ኧረ!

ስንዱ፦ ሰሙት?

ጋሽ ድንበሩ፦ እኔ ነኝ! ግን ያለሁት እዚያ ጥግ ነው። ማሲንቆ የሚጮኸው ጉልበት ላይ ነው፣ ሆድ ድረስ ይሰማል። ይሄ የጎረቤት ማሲንቆ ነው።

ስንዱ፦ ስፒከሩን እጉልበትዎ ሥር ላድርገው። አሁንስ?

ጋሽ ድንበሩ፦ ቀረበ። ግን ትዘገያለች። እኔ ስስብ ትንሽ አስባ ነው የምትናገረው። እንደ አስተርጓሚ።

ስንዱ፦ ይቺንም ሰሟት? እኔ ራሴ በመከራ ነው የለየኋት። አንድ ጊዜ፣ ላፕቶፑ ላይ ላስተካክለው። ... አሁን?

ጋሽ ድንበሩ፦ አሁን ማሰቡን ተወች። ጣቴ ሲንሸራተት አብራኝ ትንሸራተታለች።

ስንዱ፦ ይጥሯት እስቲ።

ጋሽ ድንበሩ፦ ማንን?

ስንዱ፦ ማንን ይሆን! ሙሽራዋን ነዋ።

ጋሽ ድንበሩ፦ ይኸው።

ስንዱ፦ ጠራት! ጋሼ፣ «ትርንጎ» አለ እኮ! አፍ አውጥቶ!

ጋሽ ድንበሩ፦ ጠራት። ግን ማን ነው የጠራት?

ስንዱ፦ እርስዎ ነዎታ።

ጋሽ ድንበሩ፦ አይደለሁም። ይሄ የተተኮሰ ሸሚዝ ነው። አንዲት ጭምድድ የለችውም። ልጄን አያቷ ሳይሆን የቀበሌ ሊቀ መንበር የጠራት ነው የሚመስል።

ስንዱ፦ ምን ጠፋ? ንጹሕ ነው።

ጋሽ ድንበሩ፦ እሱን ነው የምልሽ። በጣም ንጹሕ ነው። እኔ ንጹሕ ሆኜ አላውቅም።

ስንዱ፦ ስላልለመዱት ይሆናል።

ጋሽ ድንበሩ፦ ቆይ። አትናገሪ። ወደዚህ ዙሪ፣ ጣቴን እዪ።

ስንዱ፦ አየሁ።

ጋሽ ድንበሩ፦ ሆን ብዬ እያወዛወዝኩት ነው። ድምፁ ተወዛወዘ?

ስንዱ፦ አልተወዛወዘም።

ጋሽ ድንበሩ፦ ሳታቋርጥ ትሰማለች ብለሽኝ ነበር። ስንሸራተት ሰማችኝ። ስዘገይ ሰማችኝ። እዚህ ላይ ስትደርስ ለምን ደነቆረች?

ስንዱ፦ ጋሼ...

ጋሽ ድንበሩ፦ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ተናገሪ። በኔና በድምፁ መሀል የቆመ ማን ነው?

ስንዱ፦ ማለስለሻ አለ። ላፕቶፑ ውስጥ። ጣት ሲንቀጠቀጥ መሀከሉን ብቻ ይወስድና ሌላውን ይጥለዋል።

ጋሽ ድንበሩ፦ የማን ጣት ሲንቀጠቀጥ?

ስንዱ፦ የማንም።

ጋሽ ድንበሩ፦ ስንዱ።

ስንዱ፦ የእርስዎ።

ጋሽ ድንበሩ፦ ማን ነገረሽ?

ስንዱ፦ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ጋሽ ድንበሩ፦ ሰው ሁሉ ማን?

ስንዱ፦ ትርንጎ ታውቃለች። እናቷ ታውቃለች። እታች ሻይ ቤት ያሉትም ያውቃሉ፤ የእርስዎን ብርጭቆ ግማሽ ብቻ የሚቀዱት ለምን መሰለዎት?

ጋሽ ድንበሩ፦ ስስት መስሎኝ! ባለቤቱን ስንት ቀን በግጥም ሰድቤዋለሁ።

ስንዱ፦ ችሎ ነው የኖረው።

ጋሽ ድንበሩ፦ እንግዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ በግንቦት ጋቢ ተከናንቤ የላብኩት በከንቱ ነዋ።

ስንዱ፦ በከንቱ።

ጋሽ ድንበሩ፦ ደጋኑን ያመጣችልሽ ትርንጎ ናት?

ስንዱ፦ ናት። መጥረጊያውም የእሷ ነው። «አያቴ ካልጠራኝ ከዚያ ደጅ አልወጣም፤ ሙሽራውም ከነሚዜዎቹ ይመለስ» ብላለች። ለናቷም ነግራለች። «ብቻ እጁ እንዳይታወቅበት አድርጊልኝ፣ ሰው ፊት እንዳያፍር» ብላ ለመነችኝ። አንድ ወር ሠራሁት።

ጋሽ ድንበሩ፦ እና ሁለታችሁ ተማክራችሁ እጄን ደበቃችሁልኝ።

ስንዱ፦ በደግ ልብ ነው።

ጋሽ ድንበሩ፦ ናሁሰናይ ሳያውቅ እጄን ጣለው። እናንተ እያወቃችሁ፣ እያዘናችሁ ጣላችሁት። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ስንዱ፦ የእኛው ይመለሳል።

ጋሽ ድንበሩ፦ መልሺዋ።

ስንዱ፦ ጋሼ፣ ይታወቃል። ድንኳኑ ሙሉ ይሰማል።

ጋሽ ድንበሩ፦ ሻይ ቤቱ ካወቀ ድንኳኑ ምን ይቀረዋል? ስንት ላይ ነው ያደረግሽው?

ስንዱ፦ ዘጠና።

ጋሽ ድንበሩ፦ ከመቶ?

ስንዱ፦ ከመቶ።

ጋሽ ድንበሩ፦ ዐሥሩን ለኔ ተዋችሁልኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ዜሮ አድርጊው።

ስንዱ፦ ዜሮስ አይበጅም፣ ይመኑኝ።

ጋሽ ድንበሩ፦ ዜሮ!

ስንዱ፦ ይኸው፣ ዜሮ። ይሳቡ።

ጋሽ ድንበሩ፦ እግዚኦ!

ስንዱ፦ አላልኩም?

ጋሽ ድንበሩ፦ ይሄ ፍየል ነው።

ስንዱ፦ ጥብጣቧ የእጅዎን ብቻ አይደለም የምትሰማው። ስፖንጁም ይንቀጠቀጣል፣ እንጨቱም ይንቀጠቀጣል፣ ሁሉንም ደራርባ ትናገረዋለች።

ጋሽ ድንበሩ፦ በዚህ ብጠራ ሙሽራ ሳይሆን እረኛ ነው የሚወጣልኝ።

ስንዱ፦ ወደ ዘጠናው ልመልሰው?

ጋሽ ድንበሩ፦ እንዳትሞክሪው። ትንሽ ትንሽ ከፍ አድርጊ፣ እኔ ቁሚ እልሻለሁ።

ስንዱ፦ ሃያ።

ጋሽ ድንበሩ፦ ፍየል።

ስንዱ፦ ሠላሳ።

ጋሽ ድንበሩ፦ የታመመ ፍየል። ጨምሪ።

ስንዱ፦ ሠላሳ አምስት።

ጋሽ ድንበሩ፦ ቁሚ።

ስንዱ፦ ምነው? ደከመዎት?

ጋሽ ድንበሩ፦ ዝም በይ እስቲ። ... አባቴን ነው የሰማሁት።

ስንዱ፦ አባትዎን?

ጋሽ ድንበሩ፦ በመጨረሻው ዘመኑ እንዲህ ነበር የሚጫወተው። ክሩ ያለቅሳል ይሉ ነበር፣ ሰው ከሩቅ አገር እየመጣ ይሰማው ነበር። እኔ ጥበብ መስሎኝ ሃያ ዓመት ሙሉ ልቀዳው ስለፋ ኖርኩ። አልሆነልኝም።

ስንዱ፦ እሳቸውም ጋቢ ነበራቸው?

ጋሽ ድንበሩ፦ ከጋቢ ተለይቶ አያውቅም።

ስንዱ፦ በግንቦትም?

ጋሽ ድንበሩ፦ በግንቦትም። ይሄ ተንኮለኛ ሽማግሌ! አንድ ቀን እንኳ ሳይነግረኝ።

ስንዱ፦ እርስዎስ ለማን ነገሩ?

ጋሽ ድንበሩ፦ ምላስሽ ከመበየጃሽ ይበልጥ ያቃጥላል። ፀጥ በይና ቁጠሪልኝ። ሦስት ጊዜ ነው፣ እንደ ወጉ። ሁለት ጊዜ ከውስጥ እንደሚጠራ፣ ሦስተኛው ከደጅ እንደሚጣራ።

ስንዱ፦ አንድ።

ጋሽ ድንበሩ፦ እ።

ስንዱ፦ ሁለት። ኧረ ጋሼ፣ ጠጉሬ ቆመ።

ጋሽ ድንበሩ፦ ቁጠሪ አልኩሽ እንጂ አድንቂ አላልኩሽም።

ስንዱ፦ ሦስት። ... በቃ፣ ወጣች! እኔ ብሆን ከነሻሼ በሩጫ ነበር የምወጣው።

ጋሽ ድንበሩ፦ አልወጣችም። ቆይ።

ስንዱ፦ ምን ሆነ?

ጋሽ ድንበሩ፦ «ጎ» ላይ አለፈኝ። ወርጄ መቆም ነበረብኝ፣ ሳልቆም ጠለቅሁ።

ስንዱ፦ ስፖንጁ ይሆናል። እዚያ ጋ ሳሳ ያለ ነው፣ ልቀይረው።

ጋሽ ድንበሩ፦ ስፖንጁን ተይው።

ስንዱ፦ እንግዲያውስ ማለስለሻውን ወደ አርባ...

ጋሽ ድንበሩ፦ እጅሽን አንሺ! ስፖንጁም አይደለም፣ ላፕቶፑም አይደለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ስንዱ፦ ሰው ተሳሳትኩ ብሎ እንዲህ ፊቱ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

ጋሽ ድንበሩ፦ አንቺ በሰው ስህተት አልተጠራሽማ። እኔ ግን ያልሠራሁትን ጥፋት «አሞኝ ነው» ብዬ ተሸክሜያለሁ።

ስንዱ፦ ስልኬ ነው፣ ይቅርታ። ናሁሰናይ ነው። «እሑድ ሙሽራዋን ስንት ሰዓት ላይ ልጥራት?» ይላል። ምን ልበለው?

ጋሽ ድንበሩ፦ ኦርጋኑን ያምጣ፣ ለጭፈራው ይሆናል። ስም ሲጠራ ግን ሁለቱንም እጁን ኪሱ ይክተት በይልኝ፤ እሑድ የምሳሳተው እኔ ነኝ።